ከመጋዘን ፊርማ በኋላ፦ የአደጋ መከላከያ መሣሪያ በግንባታ ቦታ እንዴት ይለበሳል?

በአዲስ አበባ የግንባታ ቦታዎች የሥራ ደህንነትን በምከታተልበት ሥራዬ፣ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚቀርብልኝ መዝገብ ነው። በመዝገቡ ላይ የሠራተኛው ስም፣ የወሰደው ዕቃ ዓይነትና ቀኑ ተጽፎ ከጎኑ ፊርማው ይታያል፤ ሄልሜት አንድ፣ ጓንት አንድ ጥንድ፣ ሴፍቲ ጫማ አንድ ጥንድ፣ አንጸባራቂ ሰደርያ አንድ። መዝገቡን የሚያሳየኝ ኃላፊም አብዛኛውን ጊዜ «እኛ ድርሻችንን ተወጥተናል፤ ካልለበሱ ጥፋቱ የራሳቸው ነው» ይለኛል። ይህን የሚሉት ሰዎች ክፉዎች አይደሉም፤ ብዙዎቹ ዕቃውን ለማስገዛት ከፋይናንስ ክፍል ጋር ተሟግተው ያመጡ ናቸው። ይሁን እንጂ አባባሉ የተሳሳተ ነው፤ ስሕተቱም የሰው አካልና ሕይወት የሚያስከፍል በመሆኑ በዝርዝር ልጽፍበት ወስኛለሁ።

በመጀመሪያ ሕጉ የሚለውን እንመልከት። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 በአሠሪው ላይ የጣለው ግዴታ መከላከያ መሣሪያና ልብስ በማቅረብ ብቻ አያበቃም፤ ስለ አጠቃቀማቸውም ለሠራተኛው መመሪያ እንዲሰጥ ያዛል። አንቀጽ 93 ደግሞ ሠራተኛው የተሰጠውን መከላከያ በአግባቡ እንዲጠቀምበት፣ ጉድለት ሲያይም ለአሠሪው ወዲያውኑ እንዲያሳውቅ ያስገድደዋል። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን አንቀጽ 96 ነው። በዚህ አንቀጽ መሠረት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ሠራተኛው በሥራ ላይ ለሚደርስበት ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ነገር ግን ሠራተኛው በግልጽ የተሰጠውን የደህንነት መመሪያ ባለመከተሉ የሚደርስበት ጉዳት ሆን ብሎ በራሱ ላይ እንዳደረሰው ተቆጥሮ አሠሪው ከኃላፊነት ነጻ ይሆናል። ስለዚህ ያ የመጋዘን ፊርማ፣ እጁን ያጣ ወጣት ወይም ባሏን የቀበረች እናት ካሳ በሚጠይቁበት ቀን በተቃራኒው ወገን እጅ ሊገኝ ይችላል። ሰውየው የፈረመው ዕቃ ስለ መረከቡ ነው። ዕቃው እንዴት እንደሚታጠቅ፣ ከምን ጋር እንደሚታሰር፣ መቼ መወገድ እንዳለበት ማንም ካላሳየው «በግልጽ የተሰጠ መመሪያ» ነበር ማለት ለእኔ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ሌላው መታወቅ ያለበት መሠረታዊ ነጥብ፣ በሰውነት ላይ የሚለበስ መከላከያ በሙያው ቅደም ተከተል የመጨረሻውን ቦታ የያዘ መሆኑ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ አደጋውን ከነጭራሹ ማስወገድ፣ ካልሆነ አደጋው ባነሰ ነገር መተካት፣ ቀጥሎ ሰውንና አደጋውን የሚለይ መከለያ መሥራት፣ ከዚያም የአሠራር ሥርዓቱን ማስተካከል ይገባል። ልብስና ቁር የሚመጡት ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም አደጋው እዚያው እንዳለ ሆኖ፣ ሰውየው ከለበሰው ነገር ጋር ብቻውን ይጋፈጠዋል። ለምሳሌ ክፍት በሆነ የሊፍት ጉድጓድ አፍ አጠገብ ለሚሠሩ አሥር ሰዎች ቀበቶ ከመስጠት ይልቅ የጉድጓዱን አፍ በጠንካራ ሳንቃ ከድኖ ሳንቃውን በሚስማር ማያያዝ ይቀላል፤ አሥሩም በየዕለቱ ሳይሳሳቱ መታጠቅ አይጠበቅባቸውም። ይህ ሳይሠራ ስለ ሠራተኛው ግዴለሽነት ማውራት ነገሩን ከጅራቱ መጀመር ነው።

በከተማችን የግንባታ ሥራ ላይ ከሁሉ የሚያሰጋኝ ከከፍታ መውደቅ ስለሆነ ስለ እርሱ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

በብዙ ቦታ «ሴፍቲ ቤልት» ተብሎ የሚሰጠው በወገብ ላይ ብቻ የሚታሰር ቀበቶ ነው። ይህ ቀበቶ አንድ ሰው ወደ ጠርዝ እንዳይጠጋ ለመገደብ ሊያገለግል ይችል ይሆናል፤ የወደቀን ሰው ለመያዝ ግን አይሆንም። ሰው ወድቆ በወገቡ ላይ ሲንጠለጠል የውድቀቱ ኃይል ሁሉ በሆድ ዕቃውና በአከርካሪው ላይ ያርፋል፤ አንዳንዴም ሰውነቱ ታጥፎ ከቀበቶው ሊሾልክ ይችላል። በዚህ ምክንያት የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና አስተዳደር ከጃንዋሪ 1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወገብ ቀበቶን ለመውደቅ መከላከያነት መጠቀምን ከልክሏል። በምትኩ የሚፈለገው በትከሻ፣ በደረትና በጭኖች ዙሪያ የሚታጠቀው ሙሉ ሃርነስ ነው፤ ገመዱ የሚያያዝበት ቀለበትም በጀርባ፣ በሁለቱ ትከሻዎች መካከል መዋል አለበት። የጭኑ ማሰሪያ ላልቶ ተንጠልጥሎ ከታየ ሃርነሱ አልተለበሰም ማለት ነው፤ በማሰሪያውና በጭኑ መካከል የተዘረጋ መዳፍ ገብቶ ጭብጥ የማይገባ ከሆነ ልኩ እርሱ ነው።

ሃርነሱ በትክክል ተለብሶም መንጠቆው የት እንደሚያያዝ ካልታወቀ ድካሙ ከንቱ ነው። በአዲስ አበባ ዛሬም በባሕር ዛፍ እንጨት የተሠራ ርብራብ በየቦታው ይታያል። ሠራተኛው ሃርነሱን በሚገባ ታጥቆ፣ መንጠቆውን በሚስማር በተያያዘ የባሕር ዛፍ አግዳሚ ላይ ሲያንጠለጥል በተደጋጋሚ አያለሁ። በአሜሪካ መመዘኛ አንድ ሰው የሚታሰርበት ነጥብ ወደ 22 ኪሎ ኒውተን የሚደርስ ኃይል መሸከም ይኖርበታል፤ ይህም ከ2 ሺህ 200 ኪሎግራም ክብደት ጋር የሚስተካከል ነው። ሁለት ሚስማር የያዘው አግዳሚ ይህን ሊሸከም አይችልም፤ አግዳሚው ተነቅሎ ከሰውየው ጋር ይወርዳል፣ በርብራቡ ላይ ያሉትንም ሰዎች ይዞ ሊወርድ ይችላል። መታሰሪያው የሕንፃው አካል መሆን አለበት፦ የጠነከረ የኮንክሪት አምድ ዙሪያውን በማሰሪያ ተጠምጥሞ፣ ወይም አስቀድሞ ከአርማታው ጋር የተቀበረ የብረት ቀለበት። ይህን ደግሞ ቀን ሠራተኛው በራሱ ሊወስን አይችልም። መሐንዲሱ የት የት ላይ እንደሚታሰር አስቀድሞ መርጦ በቀለም ምልክት ሊያደርግበት ይገባል።

ከዚያም የርቀቱ ስሌት አለ፤ ይህ በሥልጠናዎች ላይ እንኳ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነው። የተለመደው ማሰሪያ ገመድ 1.8 ሜትር ርዝመት አለው። የውድቀቱን ኃይል ለማለዘብ በገመዱ ላይ የተሰፋው እጥፋት ሲተረተር እስከ 1.1 ሜትር ያህል ይጨምራል። ከጀርባው ቀለበት እስከ እግር ጫማ ድረስ ያለው የሰው ቁመት ወደ 1.5 ሜትር ነው፤ ለጥንቃቄ 1 ሜትር ሲታከል ድምሩ 5.4 ሜትር ይሆናል። ይህ ማለት ከተያያዘበት ነጥብ በታች ይህን ያህል ባዶ ቦታ ከሌለ ገመዱ ከመወጠሩ በፊት ወይም እየተወጠረ ሳለ ሰውየው መሬት ይነካል። የአንድ ወለል ከፍታ 3 ሜትር ያህል በሆነበት ሕንፃ፣ አንደኛ ፎቅ ላይ መንጠቆውን ከእግሩ ሥር አያይዞ ጠርዝ ላይ የሚሠራ ሰው ምንም መከላከያ የለውም፤ ለተመልካች ግን ሙሉ በሙሉ የታጠቀ ይመስላል። በእንዲህ ያለ ቦታ መታሰሪያውን ከራስ በላይ ማድረግ፣ አጭር ገመድ መጠቀም፣ ከሁሉ የተሻለው ግን ጠርዙን በጠንካራ መከለያ ማጠር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሃርነሱ ሰውየውን ይዞ ካስቀረው በኋላ ሥራው አላለቀም። ሳይንቀሳቀስ በሃርነስ የተንጠለጠለ ሰው፣ የጭኑ ማሰሪያ የደም ዝውውሩን ስለሚያውከውና ደሙ ወደ እግሮቹ ስለሚወርድ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ሊስትና ሕይወቱ ለአደጋ ሊጋለጥ ይችላል። የእሳት አደጋ መኪና እስኪመጣ ድረስ እንጠብቅ ማለት አይቻልም። በከፍታ ላይ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ማን፣ በምን መሰላል ወይም ገመድ እንደሚያወርደው መወሰን አለበት። አንድ ጊዜ ውድቀት የያዘ ሃርነስና ገመድም፣ በዓይን ምንም ባይታይበት እንኳ፣ ተቆርጦ መጣል ይኖርበታል፤ ወደ መጋዘን ተመልሶ ለሌላ ሰው መሰጠት የለበትም። ከብየዳ ብልጭታ የተነሣ ክሩ የተቃጠለ፣ ሲሚንቶ የደረቀበትና ፀሐይ ያነጣው ሃርነስም እንዲሁ።

ሄልሜትን በተመለከተ ብዙዎች የሚያስቡት ቅርፊቱ ራሱ ምቱን እንደሚመልስ ነው። የምቱን ኃይል በአብዛኛው የሚያለዝበው በውስጡ ያለው የማሰሪያ መረብና በእርሱና በቅርፊቱ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ነው። ስለዚህ በዚያ ባዶ ቦታ ውስጥ ጓንት፣ ስልክ ወይም የታጠፈ ሻሽ መክተት መከላከያውን ማጥፋት ነው፤ የሚወድቀው ነገር ኃይሉን በቀጥታ ወደ ራስ ቅል ያሳልፋል። የኋላው ማጥበቂያ ካልተስተካከለ ወይም የአገጭ ማሰሪያው ካልተያያዘ ሠራተኛው ወደ ላይ ቀና ባለ ቁጥር ሄልሜቱ ይወድቃል፤ ከሚወድቅም በእጁ ይዞት ይዞራል ወይም ሚስማር ላይ ይሰቅለዋል። በቅርፊቱ ላይ ቀዳዳ መብሳት፣ በቲነር ማጽዳትና በቅብ ማስዋብም ፕላስቲኩን ያዳክማል። ብዙ አምራቾች የተመረተበትን ወርና ዓመት በውስጡ በክብ ምልክት ያትማሉ፤ ይህን ገልብጦ ማየት ጊዜ አይወስድም። በፀሐይ ብዛት ቀለሙ የነጣና ሲነካ ዱቄት የሚመስል ነገር የሚተው ሄልሜት ጊዜው አልፏል።

ሲሚንቶ በአገራችን እንደ ተራ አፈር ይያዛል፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል። እርጥብ ሲሚንቶ ከፍተኛ የአልካሊነት መጠን ያለው፣ የፒኤች ልኬቱ ከ12 በላይ የሆነ ነገር ነው። ቆዳን ያቃጥላል፤ ነገር ግን መጀመሪያ ላይ ስለማያሳምም ሠራተኛው አርማታ በገባበት ጫማ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ይውልና ማታ ሲያወልቅ ቆዳው አብሮ ይነሣል። በሲሚንቶ ውስጥ በትንሽ መጠን የሚገኘው ክሮሚየም ደግሞ ዘላቂ የቆዳ አለርጂ ያስከትላል፤ አንዴ የጀመረው ሰው ሥራውን እስከ መተው ሊደርስ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት ከጃንዋሪ 2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በውኃ የሚሟሟው የዚህ ክሮሚየም መጠን ከሚሊዮን 2 እጅ እንዳይበልጥ የከለከለው በዚሁ ምክንያት ነው። እኛ ዘንድ ለግንበኛና ለአርማታ ሠራተኛ የሚታደለው ግን አብዛኛውን ጊዜ የጨርቅ ጓንት ነው። የጨርቅ ጓንት እርጥብ ሲሚንቶን መጥጦ ከቆዳ ጋር አጣብቆ ይይዘዋል፤ ከባዶ እጅ ይልቅ የባሰ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ውኃ የማያሳልፍ የላስቲክ ጓንትና እስከ ጉልበት የሚደርስ ቦቲ ጫማ ነው፤ ከቦታው ሳይርቁ መታጠቢያ የሚሆን ንጹሕ ውኃም እንደ መከላከያ መሣሪያው አካል መቆጠር አለበት። አርማታው የሚቦካበት በርሜል ውኃ ለዚህ አይሆንም፤ እርሱ ራሱ ሲሚንቶ አለበት።

የአቧራው ጉዳይ ቀስ ብሎ የሚገድል ስለሆነ ማንም አይደነግጥበትም። ሴራሚክ፣ ግራናይትና ኮንክሪት ሲቆረጥ የሚነሣው ደቃቅ አቧራ ሲሊካ የሚባል ማዕድን ይይዛል፤ ይህ ወደ ሳንባ ጥልቅ ገብቶ ጠባሳ ይፈጥራል፤ በዚህ የሚመጣው ሲሊኮሲስ የተባለው በሽታ መድኃኒት የለውም። ከኮሮና ዘመን ወዲህ በየመጋዘኑ የተረፈው የሕክምና ማስክ ለዚህ ሥራ ሲታደል አያለሁ። ያ ማስክ የተሠራው በዋናነት ከለባሹ አፍ የሚወጣውን ለመግታት ነው፤ በጉንጭና በአፍንጫ ዳር ያለው ክፍተት አቧራውን እንደ ልብ ያስገባል። የሚያስፈልገው ደቃቅ አቧራን የሚያጣራው፣ ኤን 95 ወይም ኤፍ ኤፍ ፒ 2 የተባለው የማስክ ዓይነት ነው፤ እርሱም ቢሆን የሚሠራው ፊት ላይ ከተጣበቀ ብቻ ነው። ሁለቱም ላስቲኮች መታሰር አለባቸው፤ አንደኛው ከጆሮ በላይ በራስ ኋላ፣ ሌላው ከጆሮ በታች በአንገት ዙሪያ። በአፍንጫ ላይ ያለው ሽቦ በሁለት እጅ ጣቶች ተጭኖ ቅርጽ መያዝ ይኖርበታል፤ ከዚያ በኃይል ሲተነፈስ አየር በዓይን አቅጣጫ ካመለጠ እንደገና ማስተካከል ነው። ጢም ያለው ሰው ማስኩ ከቆዳው ጋር ስለማይጣበቅለት ሌላ መፍትሔ ሊፈለግለት ይገባል። ይህ ማስክ የቀለምና የቲነር ሽታን እንደማያስቀርም ለቀለም ቀቢዎች በግልጽ ሊነገራቸው ይገባል፤ ለእነርሱ ከሰል ያለበት ካርትሪጅ የተገጠመለት ማስክ ነው የሚያስፈልጋቸው። ነገር ግን ሁሉን ከመጀመራችን በፊት መቁረጫው ላይ ውኃ እያፈሰሱ መቁረጥ አቧራውን ከምንጩ በእጅጉ ይቀንሰዋል፤ ለዚህም የሚያስፈልገው የውኃ መያዣና ቀጭን ቱቦ ነው፤ ለኤሌክትሪኩ ግን ለእርጥብ ሥራ የተሠራ ማሽን መሆኑን ማረጋገጥ ያሻል።

ስለ ዓይን ብዙ ባልናገርም አንድ ልማድ ግን ሳልጠቅስ አላልፍም። በየመንገዱ ዳር በር እና መስኮት የሚበይዱ ወጣቶች ከገበያ የተገዛ ጥቁር የፀሐይ መነጽር አድርገው ይሠራሉ። የፀሐይ መነጽር የብየዳን ብርሃን ለመመከት በምንም መንገድ በቂ አይደለም፤ ጥቁረቱም ብሌኑ እንዲሰፋ አድርጎ የባሰ ጨረር ሊያስገባ ይችላል፤ ፊትንና አንገትንም ፈጽሞ አይሸፍንም። ጉዳቱ ከሰዓታት በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት፣ ዓይን ውስጥ አሸዋ እንደገባ ሆኖ ስለሚጀምር ሠራተኛው ከሥራው ጋር አያገናኘውም። ለኤሌክትሪክ ብየዳ እንደ አምፔሩ ከ10 እስከ 13 የሚደርስ የጥቁረት ቁጥር ያለው የብየዳ መስታወት ያስፈልጋል፤ በአጠገቡ ብረት የሚይዝለት ረዳትም እንዲሁ። በግራይንደር የሚቆርጥ ሰው ደግሞ ፊትን የሚሸፍነውን መከለያ ቢያደርግም ከሥሩ መነጽሩን ማውለቅ የለበትም። ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ እስከ 11 ሺህ ዙር ይሽከረከራል፤ ዲስኩ ቢሰበር ስብርባሪው በመከለያው ሥር ገብቶ ዓይንን ሊያገኝ ይችላል። ትልቅ ዲስክ ለመግጠም ሲሉ የማሽኑን የብረት ሽፋን መፍታት አዋጁ በአንቀጽ 94 የከለከለው ተግባር ነው፤ የመነጽርና የጓንት ብዛት ይህን አይተካውም።

ጓንትን ስናነሣ፣ መከላከያ መሣሪያ ራሱ አደጋ የሚሆንበትን ጊዜ መናገር ግድ ነው። በሚሽከረከር መሰርሰሪያ፣ በማሽን መጋዝና በሌዝ (ብረትን እያሽከረከረ በሚቀርጽ ማሽን) ላይ የሚሠራ ሰው ጓንት ማድረግ የለበትም፤ ማሽኑ የጓንቱን ጫፍ ከያዘ እጁን አብሮ ይጎትታል። የአርማታ ሚክሰር አጠገብ የነጠላ ጫፍ፣ ያልተቆለፈ ቱታና የተንጠለጠለ የሃርነስ ማሰሪያም እንዲሁ አደገኛ ነው። «ሁሉም ሰው ሁሉንም ነገር ሁልጊዜ ይልበስ» የሚለው ትእዛዝ ቀላል ስለሆነ ይወደዳል፤ ለማሽን ሠራተኛው ግን እጅ ሊያሳጣ ይችላል።

ለጆሮ ደግሞ ጊዜው ወሳኝ ነው። በቀን ለ8 ሰዓት 85 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) በሚደርስ ድምፅ ውስጥ የሚሠራ ሰው መከላከያ ያስፈልገዋል፤ ኮንክሪት መስበሪያና ግራይንደር ከዚህ በጣም ያልፋሉ። 30 ዴሲቤል የሚቀንስ የጆሮ መድፈኛ ያለው ሠራተኛ ከ8 ሰዓት ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ብቻ በጫጫታው መካከል አውጥቶ ቢቆይ፣ የቀኑ ጥቅም ወደ 12 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል። ጥቅሙ በአንዴ የሚጠፋው፣ ዴሲቤሉ በጥቂት ቁጥር ሲጨምር የድምፁ ኃይል በእጥፍ እያደገ ስለሚሄድ ነው። ስለዚህ «ከሰው ጋር ለማውራት አወጣሁት» የሚባለው ትንሽ ጊዜ ትንሽ አይደለም። የስፖንጁ መድፈኛም ጆሮ አፍ ላይ ተለጥፎ አይሠራም፤ በንጹሕ ጣት ቀጥኖ እስኪጠቀለል አሽቶ፣ በሌላኛው እጅ ጆሮን ወደ ላይና ወደ ኋላ ስቦ ማስገባትና እስኪያብጥ ድረስ በጣት ይዞ መቆየት ያስፈልጋል።

እንግዲህ ሠራተኞች ለምን አይለብሱም? «ግዴለሾች ናቸው» የሚለው መልስ ምንም አያስረዳም። እኔ ቁጭ ብዬ ስጠይቃቸው የሚነግሩኝ ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ የሰውነታቸው ጉዳይ ነው፦ ያሞቃል፣ ያፍናል፣ ጫማው ይልጣል፣ መነጽሩ በላብ ይጨፍናል። እነዚህ ሁሉ እውነት ናቸው፤ ሁሉም መፍትሔ አላቸው፤ መፍትሔያቸው ግን በግዢ ክፍሉ እንጂ በሠራተኛው እጅ የለም። በሴቶች ላይ ነገሩ ይብሳል። በአዲስ አበባ የግንባታ ቦታዎች አሸዋ፣ ውኃና ቡኬት የሚያመላልሱት ቀን ሠራተኞች ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው፤ የሚገዛው ጫማ ግን ከ40 ቁጥር ይጀምራል፣ ጓንቱ ሁሉ ትልቅ ነው፣ ሄልሜቱ ከተሠራ ፀጉርና ከሻሽ በላይ አይቀመጥም። እግሯ 37 የሆነ ሴት በ41 ቁጥር ጫማ የባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ቡኬት ተሸክማ ስትወጣ፣ የተሰጣት ጫማ ከሸበጧ የበለጠ ሊያደናቅፋት ይችላል። ጫማውን አውልቃ ብትወጣ እኔ በእርሷ ላይ አልፈርድም፤ ልኳን ሳይጠይቅ የገዛውን ነው የምጠይቀው።

ሌላው ምክንያት ክፍያ ነው። ፌሮ በኪሎ፣ ግንብ በካሬ የሚከፈለው ሰው በቁርጥ ስለሚሠራ መንጠቆውን ለመፍታትና እንደገና ለማሰር የሚያጠፋው ጊዜ ከገቢው ላይ ይቀነስበታል። ቁርጥ ዋጋው ሲተመን የመታጠቂያው ጊዜ ካልተጨመረበት ሠራተኛውን በልጁ ዳቦና በሕይወቱ መካከል አስመርጠነዋል ማለት ነው። ፎርማኑና መሐንዲሱ ያለ ሄልሜት ሲዘዋወሩ ማየትም የራሱ ትምህርት አለው፤ ሠራተኛው ከቃላችን ይልቅ ከምናደርገው ይማራል።

የቀን ሠራተኞች ጉዳይ ደግሞ በተለይ ያንገበግበኛል። ጠዋት ከመንገድ ዳር ተመርጦ የመጣ ሰው «ነገ ላይመጣ ይችላል» በሚል መከላከያ አይሰጠውም፤ ወይም ትናንት ሌላው ያወለቀው፣ ላቡ ያልደረቀ ሄልሜትና ጫማ ይሰጠዋል። የአዋጁ አንቀጽ 92 ሠራተኛ ሲል ቋሚና ጊዜያዊ ብሎ አልለየም። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155ም የደህንነት እርምጃዎች በሠራተኛው ላይ ምንም ወጪ እንዳያስከትሉ በአንቀጽ 21 ደንግጓል፤ ከደመወዝ ላይ የጫማ ዋጋ መቁረጥ ከዚህ ጋር ይጋጫል። ሄልሜትና ሃርነስ ታጥበውና ተመርምረው ለሌላ ሰው ሊሰጡ ይችላሉ፤ ማስክ፣ የጆሮ ስፖንጅና የጓንት ውስጥ ሽፋን ግን ለአንድ ሰው ብቻ ናቸው። ሴፍቲ ጫማ ለጊዜያዊ ሠራተኛ የሚበደር ከሆነ የተለያየ ቁጥር ያለው በቂ ክምችት፣ የሚለወጥ የውስጥ ንጣፍና ካልሲ መኖር አለበት።

መመሪያ መስጠትን በተመለከተ የምመክረው ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት በሚደረግ አጭር ስብሰባ አንድ መሣሪያ ብቻ ይዞ በተግባር ማሳየትን ነው፤ ሰኞ የሃርነስ ጭን ማሰሪያ፣ ማክሰኞ የማስክ ሽቦ። አሳይቶ ማብቃትም አይበቃም፤ እያንዳንዱ ሠራተኛ ራሱ አድርጎ ማሳየት አለበት። ብዙዎቹ ሠራተኞች ከወላይታ፣ ከጋሞ፣ ከሐዲያና ከሌሎች አካባቢዎች የመጡ በመሆናቸው የአማርኛ ንግግር ብቻ ላይደርሳቸው ይችላል፤ ከመካከላቸው ቋንቋውን የሚችል ነባር ሠራተኛ እንዲያስረዳ ማድረግ ያስፈልጋል። በመዝገቡም ላይ ከዕቃው ስም ቀጥሎ «በተግባር አሳይቷል» የሚል ዓምድ፣ የጫማና የጓንት ቁጥር፣ ያሠለጠነው ሰው ስምና ፊርማ ይጨመር። ያኔ ኃላፊነቱ በሁለቱም ወገን ላይ ይወድቃል።

የገንዘቡ ጥያቄም እዚሁ መመለስ አለበት። የጨረታ ሰነድ ሲዘጋጅ የደህንነት ወጪ በ«ጠቅላላ ሥራዎች» ውስጥ ተደብቆ በአንድ ድምር የሚቀመጥ ከሆነ፣ ዋጋ ለማሸነፍ መጀመሪያ የሚቀነሰው እርሱ ነው። አሠሪ መሥሪያ ቤቶችና አማካሪ መሐንዲሶች መከለያ አጥሩን፣ መረቡን፣ ሃርነሱንና ጫማውን በዓይነትና በብዛት ራሱን በቻለ ዝርዝር አስቀምጠው፣ ተቋራጮች በእነዚህ መስመሮች ላይ እንዳይወዳደሩ የተወሰነ ዋጋ ሊሰጡ ይችላሉ። ክፍያውም ዕቃው በመጋዘን ሳይሆን በሠራተኛው ላይ በትክክል ተለብሶ መታየቱ በየወሩ እየተረጋገጠ ሊፈጸም ይችላል። አማካሪው መሐንዲስ የአርማታ ጥንካሬ ሳይረጋገጥ ክፍያ እንደማይፈርም ሁሉ፣ በዚህ መስመር ላይም የመከልከል ሥልጣኑን ከመጀመሪያው ወር የክፍያ ሰርተፍኬት ጀምሮ ሊጠቀምበት ይገባል።